የታጠበው ድንጋይ

ኡላዱላ
ማርች 17፣ 1985

ዋረን፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ለሞተ ወንድም «እኛ ደህና ነን» ብሎ መጻፍ ጉራ ይመስላል። ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብለህ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ለአያቴ የጻፍኩትን ደብዳቤ «ብስክሌቱስ?» ብዬ ስለጀመርኩ ጆሮዬን ይዘህ እንደ ገና ያስጻፍከኝ ትዝ ይልሃል? ስለዚህ እንደምን ሰነበትክ።

ሞተር ብስክሌትህን ፖሊሶቹ መልሰውልናል። የተጣመመው የፊት ጎማው ብቻ ነው። እማዬ ሸራ አልብሳ ከልብስ ማስጫው አጠገብ አቁማዋለች። በዝናብ አትንዳ ብላ ስትነግርህ የኖረችውን አሁን ልብስ እያሰጣች ለሸራው ትነግረዋለች።

የምጽፍልህ ግን ስለ ዶሪስ ነው። አልበላ ብላለች።

ከመብራት ቤቱ በታች ካለው የድንጋይ ኩሬ ስታወጣት የሳንቲም ታክል ነበር። ከአያቴ አገር ከሰሜን ተነስቶ በባሕሩ ውስጥ ቁልቁል የሚፈሰው ሞቃት ውሃ በየበጋው ጫጩት ቢራቢሮ ዓሣዎችን ጠራርጎ እኛ ደጃፍ ላይ ይጥላቸዋል፤ ብርዱ ሲገባ አንድም አይተርፍ። አንተ «ይህ ማጥመድ አይባልም፤ ተሳስተው ከአውቶቡስ የወረዱትን ቤት ማሳደር ነው» ትል ነበር። ይኸው ቤት ያሳደርካት ዛሬ መዳፌን ታክላለች። ነጩ ገላዋ፣ ሰያፍ መስመሮቿ፣ የኋላዋ ቢጫ፣ ዓይኗን የሚጋርደው ጥቁር ጥለት፣ ሁሉም እንደ ነበረ ነው። ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ግን እንደ ፖስታ ቀጥናለች። ሽሪምፕ ፈጭቼ ስሰጣት ትጠጋለች፣ ታየዋለች፣ ትሄዳለች። አንዳንዴ አንዲት ፍርፋሪ አፏ ውስጥ ታስገባና እንደ ሎሚ ፍሬ ትተፋታለች።

እኔ ያጎደልኩት ነገር ያለ አይመስለኝም። ገንዳህን ብታየው አታውቀውም! ባለፈው ቅዳሜ የዓሣ አርቢዎች ማኅበር ሰዎች ሊያጽናኑን መጥተው ነበርና፣ ከመምጣታቸው በፊት ከጠዋት ጀምሬ አጸዳሁት። መስታወቱ የሌለ ይመስላል። ድንጋዮቹ እንደ ጥርስ ነጭ ናቸው። ሚስተር ፔንግሊ ኮፍያቸውን አውልቀው ገንዳው ፊት ቆሙና፣ «ጎበዝ! ወንድምህ ቢያየው ይኮራ ነበር» አሉኝ። እማዬ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ልዋሽህ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ።

እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ስትመግባት ትዘፍንላት ነበር? እማዬ «ያፏጭላት ነበር» ትላለች። እኔም አፏጨሁላት። ምንም።

አድራሻ ስለሌለህ ይህን ከገንዳው ሥር፣ ከመረቦችህ ጋር አኖረዋለሁ። ለአያቴ ግን ዛሬውኑ ቴምብር ለጥፌ እጽፍለታለሁ፤ ስልክ እንደሆነ ቤቴ አላስገባም እንዳለ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሽሪምፕ መረብ ሲጎትት የኖረ ሰው ዓሣ ምን እንደሚያምራት አያጣውም።

ወንድምህ ግሌን


ዬፑን
ማርች 22፣ 1985

ለልጅ ልጄ ለግሌን፣

ሰላምታዬ ከደጃፌ አሸዋ ይብዛ። ፊደሎቼ ተራራ ተራራ ማከላቸውን ይቅር በለኝ፤ እስክሪብቶው ነው። መስመር የሳቱት ደግሞ ጠረጴዛው አንድ እግሩ ስለሚያጥር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄህ ቀላል ነው። የለም፣ ዓሣ በሐዘን አይሞትም። ቢሞትማ ኖሮ እኔ በጎተትኩት መረብ ልክ ባሕሩ ባዶውን በቀረ። ዶሪስ የጎደላት ወንድምህ አይደለም፤ የጎደላት ሌላ ነገር ነው። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ ሳይሆን ልትሠራው የምትችለው ሥራ እንዳለ እንድታውቅ ነው።

ሁለተኛውን ለማንም እንዳታወራ። አዎ፣ እኔም ወንድምህን አናግረዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጀልባ ማውረጃው ላይ ተቀምጬ ስለ ነፋሱ እነግረዋለሁ፤ ሞተር እንዴት እንደሚጠገን የማያውቅ ጎረምሳ ሲመጣ አይቼ እንደ ሆነም አማለሁ። የሚያልፉት ሰዎች ያበደ ሽማግሌ ይመስላቸዋል። ድሮም ይመስላቸው ስለነበር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ለቀብሩ ለምን እንዳልመጣሁ ለጠየቅከኝ፣ ለእናትህ የነገርኳት ነው። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ነበር። እናትህ ካላመነች ጎርፉን ትጠይቀው።

ስለ መስታወት ገንዳ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ገንዳ ግድግዳ የለውም። ዘመዶቿን ግን ከጀልባዬ ሥር ስንት ዘመን አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎቼን በወረቀቱ ጀርባ አስፍሬልሃለሁና አንዱንም ሳትዘል መልስልኝ። የምትፈጨው ሽሪምፕ ከተረፈ አትድፋው፤ አንተም እኮ ትበላለህ።

አያትህ ክላይቭ


ኡላዱላ
ማርች 26፣ 1985

ውድ አያቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰ። ፖስተኛው ፖስታውን አገላብጦ እያየ «ይህን አድራሻ የጻፈው በመጥረጊያ ነው እንዴ?» አለኝ።

ጥያቄዎችህን ሳልዘል እመልሳለሁ። የለም፣ ውሃው አልቀዘቀዘም፤ ማሞቂያው ይሠራል። አየር የሚነፋው ፓምፕም አልቆመም፤ እንደ ሽማግሌ ሲያንኮራፋ ይውላል (አንተን አላልኩም)። ውሃውን የምቀዳው ዋረን ይቀዳበት ከነበረው ቦታ በጀሪካን ነው፤ ከወንዙ አፍ ርቄ፣ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን። ሌላ ዓሣ የለም። አንድ ሸርጣን አለ፤ እሱም ዶሪስን ይፈራታል። «እናትህ ትበላለች ወይ?» ላልከኝ፣ ትበላለች፤ ግን ቆማ። ከምትሠራበት ወጥ ቤት ጥብስ ታመጣልኝና እኔን አስቀምጣ እሷ ከሣህኑ ዳር እየቆነጠረች ትዞራለች። ወንበር ላይ አረፍ ብላ ስትበላ ካየኋት ቆየሁ።

ዶሪስ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና አድርጋ ስትበላ ያየኋት እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ዓርብ ነው። በማግስቱ ያደረግኸውን ሁሉ ሳታስቀር ጻፍ ስላልክ ይኸው።

ዶሪስን ባልዲ ውስጥ አቆየኋት። ድንጋዮቹን በሙሉ አወጣሁና በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ማኅበሩ ውስጥ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ የአባላቱን ጓሮ ብታይ ድንጋዩና ድንጋይ መሳዩ የባሕር ኮራል እንደ ልብስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይጠብቅሃል። ሽታው እስኪለቅ ይደርቃል፣ ይታጠባል፣ ይመለሳል። ከማኅበሩ ይህን የማያደርግ ዋረን ብቻ ነበር። አምና ለውድድሩ ዳኞቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ሚስተር ፔንግሊ መነጽራቸውን ወልውለው ገንዳውን አጎንብሰው አዩትና፣

«ዋረን፣ ይህ ምንድን ነው? ገንዳ ነው ወይስ ወደብ?» አሉት።

«ወደብ ነው ጌታዬ። መልሕቅ መጣል ይቻላል።»

«የመጨረሻውን ነጥብ ነው የምሰጥህ፤ እንዳትቀየመኝ።»

«ምን በወጣኝ! ዶሪስ ነጥብ አትበላም።»

እማዬ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። ዳኞቹ ሲሄዱ ግን «አንተ ልጅ፣ ሌላው ቢቀር እነዚያን ፀጉራሞች አንሳልኝ፤ ሰው ፊት አፈርኩ» አለችው። ፀጉራሞች የምትላቸው ድንጋዩ ላይ የበቀሉትን ነው። የጥፍር ያህል ቁመት ያላቸው ቡናማ ግንዶች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ያለው ፀጉር የመሰለ ነገር ይወዛወዛል፣ ጣት ስታስጠጋቸው ጭምድድ ብለው ይገባሉ። ማኅበርተኞቹ እንደ አረም ነው የሚጠሏቸው። አሁን አንድም የለም። ሰው ከሞተ በኋላ ገንዳው እንዲታማ አልፈለግሁም።

እንግዲህ ያደረግሁት ይህ ነው። ውሃው ንጹሕ፣ ድንጋዩ ንጹሕ፣ እሷ ግን አትበላም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንበሬን ገንዳው ፊት አድርጌ እስክተኛ ድረስ አያታለሁ። እማዬም ከኋላዬ መጥታ ትቆማለች። ማናችንም ባናወራውም ዶሪስ ከሞተች ከዋረን እጅ የቀረ የሚተነፍስ ነገር ቤታችን ውስጥ አይኖርም።

አንድ ነገር እኔም ልጠይቅህ። የሰው ጽሕፈት በእስክሪብቶ ምክንያት በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ያድጋል? ጠረጴዛህን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ስንመጣ ዋረን እግሩን አስተካክሎልህ ነበር።

የልጅ ልጅህ ግሌን


ዬፑን
ማርች 30፣ 1985

ግሌን፣ የኔ መርማሪ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለእናትህ፣ ሰላም ለዶሪስ። ይህ የእኔ እጅ አይደለም። ጎረቤቴ ሚስስ ማልካሂ ናት የምትጽፍልኝ፤ ሰሞኑን እጄን ደከም ስላለኝ ነው።

(ጸሐፊዋ ነኝ። እጁ ደህና ነው። ዓይኑን የሞራ በሽታ ይዞታል፤ ሁለቱንም። ለቀብሩ ሻንጣውን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ አውቶቡስ መስሎት የቆሻሻ መኪና ላይ ሊወጣ ሲል ሠራተኞቹ ይዘው ቤቱ መለሱት። ጎርፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ለእናትህ ንገራት፤ ካሁን በኋላ እኔ ይህን ብቻዬን አልሸከምም።)

ሴትየዋ ምንድን ነው ይህን ሁሉ የምትጽፈው? እኔ የተናገርኩት አሥር ቃል አይሞላም።

ያንተን ደብዳቤ ደጋግማ እንድታነብልኝ አደረግሁ። ስማ። ባሕሩ እንደ መስታወት ረግቶ ባደረ ጠዋት ከጀልባዬ ጠርዝ ቁልቁል ሳይ፣ ፊቱን ከድንጋይ የመለሰ ቢራቢሮ ዓሣ አጋጥሞኝ አያውቅም። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ያን ሹል አፋቸውን ድንጋዩ ላይ ደፍተው፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሲነጋ የጀመሩ እስኪመሽ። ዶሮዎች ናቸው። አክስቴ አንድ ጊዜ ጓሮዬ አቧራ በዛበት ብላ ሲሚንቶ አስደፋችበት፤ እህል በሣህን ተሞልቶ ቀርቦላቸው ዶሮዎቿ ከሱ። ዶሮ የሚያጠግባት እህሉ ብቻ አይደለም፣ መጫሩም ነው።

አንተ ልጅ፣ እነዚያ ፀጉራሞች አረም አልነበሩም። የዶሪስ ጓዳ ነበሩ።

አሁን ራስህን መደብደብ እንዳትጀምር። በረኪናን የፈለሰፍከው አንተ አይደለህም፤ ለወንድምህ ክብር ብለህ ያደረግኸው ነው። ይልቅ ወደብ ውረድ። ውሃ ውስጥ የሰነበተ፣ ነገር የበቀለበት ገመድ ወይም እንጨት ፈልግ። ከጀልባ ሆድ የተፋቀ ቢሰጡህ ግን እንዳትወስድ! ያ ቀለም የሚቀባው የሚጣበቅበትን ሁሉ እንዲገድል ነው፤ ገንዳው ውስጥ ከገባ ዶሪስን ቁርስ ሳትቀምስ ይጨርሳታል። ገባህ? ከጀልባ ሆድ እንዳይሆን!

(ጸሐፊዋ ነኝ። ይህን ሲናገር ከወንበሩ ተነስቶ ነበር፤ አስቀምጬዋለሁ። ኬክ ልኬልሃለሁ። መንገድ ላይ ከተሰባበረ በማንኪያ ብሉት።)

አያትህ ክላይቭ፣ በሰው እጅ


ኡላዱላ
ኤፕሪል 5፣ 1985
የስቅለት ዓርብ

ውድ አያቴና ውድ ሚስስ ማልካሂ፣

እንደምን ከረማችሁ? ኬኩ በማንኪያ ተበላ።

አዎ፣ ነገርኳት።  «የቆሻሻ መኪና?» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ስትስቅ ስትስቅ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር። «ይህን ሁሉ ጊዜ አባቴን በጎርፍ ተቀይሜው!» አለች። ስለ ዓይንህና ወደ አንተ ስለ መምጣቷ ግን እሷ ራሷ ብትጽፍልህ ይሻላል፤ አለቃዋን ፈቃድ ጠይቃለች።

«የዶሪስ ጓዳ ነበሩ» የሚለውን ሳነብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ባልዲው እዚያው ነበር። አሁንም በረኪና በረኪና ይላል። ዋረን አምስት ዓመት ያሳደገውን እኔ በአንድ ቀን አንጽቼ ጨረስኩት። ባልዲውን በእርግጫ አልኩት፤ አጥር ዘሎ ጎረቤት ገባ። እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ «ባልዲው ደግሞ ምን አደረገህ?» አለችኝ።

ወደብ ወረድኩ። ቀኑ ግን ለእንዲህ ያለ ፍለጋ የሚሆን ቀን አልነበረም። እንደምታውቀው ለትንሣኤ ቄሱ ጀልባዎቹን ይባርካሉ፤ ከዚያ በፊት ጣሊያኖቹ ዓሣ አስጋሪዎች ከነልጆቻቸው ወርደው ይፍቃሉ፣ ይቀባሉ፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ከተማው በሙሉ ቆሻሻ ሲጥል ቆሻሻ የምለምነው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ጀልባ ላይ ሳቁብኝ። ሦስተኛው የካርሜሎ ነው፤ መሰላል ላይ ቆሞ ሲቀባ አገኘሁት።

«አንተ የዋረን ወንድም፣ ምን ፈልገህ ነው?»

«ቆሻሻ።»

«ምን አልክ?»

«ውሃ ውስጥ የቆየ፣ ነገር የበቀለበት። ለዓሣ ነው።»

«በዚህ ሳምንት አገሩ በሙሉ ዓሣ ስጠኝ ይለኛል፤ ይህ ልጅ ቆሻሻ ስጠኝ ይላል።» ወደ ልጁ ዞረ። «ሮኮ! እስቲ ግንባሩን ንካው፣ ትኩሳት ይኖረዋል።»

ሮኮ እውነት መስሎት ግንባሬን ነካኝ። «የለውም፣ አባዬ» አለ።

«ወንድሜ ሞተርህን ሠርቶልሃል» አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ካርሜሎ ብሩሹን ጣሳው ላይ አሳርፎ ወረደ። «ሠርቶልኛል። እስከ ዛሬ ባሕር መሐል አላስቀረኝም» አለ። ከጀልባው ሆድ የተፋቀውን ክምር በእግሩ አሳየኝ። «ይኸው፤ ባልዲህን ሙላ።»

«እሱ አይሆንም፤ ቀለም አለበት።»

ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። «ማን ነገረህ?»

«አያቴ።»

«ሽማግሌ ያለው ቤት ዕድለኛ ነው» አለና እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ወደቡ ሞገድ መከላከያ ግድብ ጥግ ወሰደኝ። የድሮ ጀልባው ትታሰርበት የነበረ ገመድ ከተተወ ዓመታት ሆኖታል። ከነሮኮ ሦስት ሆነን ጎተትነው። አያቴ፣ ብታየው! ገመዱ አይታይም። ፀጉራሞቹ ተጨናንቀው ቆመውበታል፤ በመሐላቸው ባልዲው ውስጥ ስንነክረው እንደ ጃንጥላ የሚከፈቱ ትሎች አሉ። ካርሜሎ በቢላ የክንዴን ያህል ቆረጠልኝ። «ለወንድምህ ነው» አለ። «ለዓሣዋ ነው» አልኩት። «አንድ ነው፤ ውሃው እንዳይሞቅብህ ሩጥ» አለኝ።

እማዬ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ይህ የሚገማ ነገር እቤቴ አይገባም!»

«ለዶሪስ ነው።»

«ታዲያ ጋዜጣ አንጥፍ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል? ምንጣፌ ላይ ተንጠባጠበ እኮ!»

ገመዱን በነጮቹ ድንጋዮች መሐል አጋደምነው። ዶሪስ አየችውና ማሞቂያው ኋላ ተሸጎጠች። ይኸው ከትናንት ጀምሮ እዚያው ናት። እማዬ ሁለተኛ ወንበር አምጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እየተፈራረቅን ነው የምናያት። አጥንቷ ከላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ገመዱ አስፈርቷት ይሆን? ላውጣው? ቶሎ መልስልኝ።

ግሌን


ዬፑን
ኤፕሪል 10፣ 1985

ግሌን፣

እንኳን አደረሳችሁ። ገመዱን እንዳትነካው።

እናንተ ግን ምን ሆናችኋል? ሁለት ሰው ወንበር ይዞ አፍጥጦ! አንተን ራስህን እንዲያ ብመለከትህ ምግብ በጉሮሮህ ይወርዳል? ዓሣ ቀና ስትል ትልልቅ ዓይን ካየች የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊውጣት የመጣ አለ። ሐዘንተኛም ቢሆን ያው ነው። ሴት አያትህ ስትሞት ጎረቤቱ ዙሪያዬን ቁጭ ብሎ «ብላ፣ ብላ፣ ቅመስ» ሲለኝ ውሃ እንኳ አልወርድ አለኝ። ሁሉም ሲሄዱ ከድስቱ ሥር በእጄ ጠርጌ በላሁ።

(ጸሐፊዋ ነኝ። ድስቱ የእኔ ነበር። እስከ ዛሬ አልመለሰውም።)

ስለዚህ ጀርባህን ስጣት። ተዋት። እዚያው ሁን፣ ግን አታፍጥጥ። ከበላች በላች፤ ካልበላችም በእናንተ ዓይን ብዛት አትድንም።

እናትህ እሑድ እንደምትሳፈር ጽፋልኛለች። ዓይኔን ሮክሃምፕተን ሆስፒታል በሳምንቱ አጋማሽ ይሠሩልኛል። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው የእሷን ፊት እንዲሆን ነግሬአቸዋለሁ፤ የሚስስ ማልካሂን ካየሁ ዶክተሩን መልሰህ ዝጋው ነው የምለው።

(ጸሐፊዋ ነኝ። እኔም ከዚያ በፊት ፀጉሬን እሠራለሁ።)

ደብዳቤህ ጫፍ ላይ በትንሹ የጻፍካትን ጥያቄ አንብባልኛለች። አዎ፣ ቤት ውስጥ ብቻን መሆን ያስፈራል። ጎረቤቶቻችሁ ለእራት እንደሚጠሩህ አውቃለሁ፤ ጠዋቱን ግን ማንም አይጠራልህም። የመጀመሪያው ጠዋት ይከብዳል። የሁለተኛው ጥሩ ነገር፣ የመጀመሪያው አለመሆኑ ነው።

አያትህ ክላይቭ


ኡላዱላ
ኤፕሪል 15፣ 1985

ዋረን፣

እንደምን አለህ? ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ከመቆጣትህ በፊት ምክንያቴን አንብብ።

እማዬ ትናንት ተሳፈረች። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆና የምትነግረኝ አላልቅ አላት።

«ጋዙን ዝጋ። እራት ሲጠሩህ እጅህን ታጥበህ ሂድ። ለአያትህ ምን ልበልልህ?»

«ዓይኑን ሲከፍቱለት መጀመሪያ ጽሕፈቱን እንዲያይ ንገሪው።»

«ባለጌ! ገንዳው ላይ ደግሞ አታፍጥጥ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። አታፍጥጥ።»

ስለ ዶሪስ እስከ ትናንት የነበረውን ልንገርህ። ከማሞቂያው ኋላ ወጥታ ገንዳውን ትዞር ጀምራለች፤ ገመዱን ግን አልነካችውም። ወንበሮቹን ካነሳን ወዲህ ማለቴ ነው። ስናልፍ ስናገድም ሰረቅ አድርገን ማየታችንን ግን አልተውንም። እማዬ ያን የገንዳ ክፍል በቀን አሥር ጊዜ ትጠርገው ነበር። ከመሄዷ በፊት ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና፣ «ተመልሼ ስመጣ ባትኖር እንዳታለቅስ፤ ቅበራትና ጠብቀኝ» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። አንተ መታጠቢያ ቤቱን ዘግተህ አታፏጭም፤ እማዬ ድስት አታጋጭም። የሚሰማው የፓምፑ ማንኮራፋት ብቻ ነው። ጣሪያውን እያየሁ ቆየሁ። ተነስቼ ገንዳውን ሳልፍ ዓይኔን እንደ ጋሪ ፈረስ በመዳፌ ጋረድኩት። ያም ሆኖ በጣቶቼ መሐል አየኋት፤ ገና የሌሊት ልብሷን አላወለቀችም ነበር፣ ቢጫዋ ሌሊት ሌሊት እንደሚሆነው ደብዝዞ ጎኗ ላይ ጥቁር ጥላ አጥልቶባት ነበር። አለች፤ በሕይወት አለች። ከዚያ በላይ አላየሁም።

የወጥ ቤቱን ወንበር ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሻይ ጣድኩ። ሁለት ቁራጭ ዳቦ ቆርጬ አንዱን መጥበሻ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። በተከፈተው በር ለሚታየው ገንዳ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሰው ጀርባውን ሲሰጥ እንደዚህ አንገቱን እንደሚያሳክከው አላውቅም ነበር። ለራሴ ማውራት ጀመርኩ፤ ጮክ ብዬ። የሒሳብ ፈተናዬን ነገርኩህ። ሮኮ ቅዳሜ ከጀልባቸው ጋር ውጣ እንዳለኝ ነገርኩህ። ባልዲውን ጎረቤት መልሶ ወርውሮልን የእማዬን አበባ እንደሰበረው ነገርኩህ። ዳቦው እየሸተተኝ ነበር፤ ወደ ማሽኑ አየሁ።

የማሽኑ ጎን የሚያብለጨልጭ ነው። ክፍሉ በሙሉ ተለጥጦና ተጣሞ እዚያ ላይ ይታያል፤ ገንዳውም። አንድ ቢጫ ነገር ከግራ ወደ ቀኝ አለፈ። ተመለሰ። ገመዱ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ራሷን ወደ ታች ደፋች።

ጠቅ።

መጀመሪያ ጥላ ሊሆን ይችላል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ጠቅ። ወደ ኋላ ሸሸት አለች፤ አፏ ላይ አንድ ነገር ይወዛወዛል፤ ዶሮ ትል ስትጎትት ታውቃለህ አይደል? ዋጠችው። አልተፋችውም! እንደ ገና ደፋች። ጠቅ፣ ጠቅ። ቢጫዋ እየበራ ነበር። ዳቦው ከማሽኑ ዘሎ ሲወጣ እኔ ደነገጥኩ፣ እሷ አልደነገጠችም።

ዞር ብዬ በዓይኔ በብረቱ ላየው ምን ያህል እንደፈለግሁ ልነግርህ አልችልም። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

በዚያው መሐል የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ደጃችን ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ። ለመውጣት በገንዳው አጠገብ ማለፍ አለብኝ። ሁለተኛ ነፋ። በወጥ ቤቱ መስኮት እጄን አውጥቼ ሂድ፣ ሂድ አልኩት። ሾፌሩ «አሞሃል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «ቁርስ ላይ ነን!» አልኩት፤ በሹክሹክታ ስለነበር የሚሰማኝ አይመስለኝም። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ዳቦዬን ቅቤ ቀብቼ በላሁ። ቀስ ብዬ፣ እንዳይንኮሻኮሽ። እሷም ትበላለች፣ እኔም እበላለሁ። ሻዬን ጠጣሁ። ከዚያ ሁለተኛውን ቁራጭ፣ ሳልዞር፣ ጠበስኩ።

ግሌን